ከበትሩ ይልቅ በሩ

የቅኝ አገዛዝ በአፍሪካ ልሳናትና ባህል ላይ ያደረሰው ጉዳት በተነሣ ቁጥር፣ አስቀድሞ በሕሊናችን የሚሣለው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ተገኘ ተብሎ የሚገረፍ ሕፃን ነው። ይህም ሐሰት አይደለም፤ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስለ ተማሪ ቤት ዘመኑ እንደ መሰከረው፣ በኪኩዩ ሲናገር የተሰማ ልጅ አንዲት አዝራር ይሰጠዋል፤ እርሱም ሌላውን ሲናገር በሰማ ጊዜ ያስተላልፍለታል። ማታ አዝራሯ የተገኘችበት ከማን እንደ ተቀበላት ይመሰክራል፣ ያም በፊቱ የነበረውን ይጠቁማል፣ በዚህም ዓይነት የዕለቱ ጥፋተኞች ሁሉ ይለያሉ፤ ሕፃናቱም ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወንድማቸውን አሳልፎ መስጠትን ይማራሉ።

ነገር ግን በትር ከገራፊው ጋር የሚሄድ ነገር ነውና፣ እንግሊዞች በ1963 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኬንያን ከለቀቁ በኋላ ቋንቋቸው ከቀድሞው ይልቅ መጽናቱ በበትር ብቻ ሊተረጐም አይችልም። እኔ እንደማምነው፣ የሚገባውን ያህል ያልተነገረለት ምክንያት ፈተና ነው፤ ይኸውም ከአንዱ የትምህርት ደረጃ ወደ ሌላው፣ ከእርሻውም ወደ ደመወዙ የሚያስገባው ጠባብ በር በአንድ ባዕድ ልሳን ብቻ የሚከፈት መሆኑ ነው። ያው ደራሲ በ1954 በክፍሉ ስለ ነበረ ሌላ ተማሪ ሲናገር፣ ልጁ በቀረው ትምህርት ሁሉ ከፍተኛ ማዕርግ አግኝቶ ሳለ በእንግሊዝኛ ስለ ወደቀ ፈተናው በሙሉ እንደ ወደቀ ተቈጥሮበት የአውቶቡስ ረዳት ሆነ፤ በሌላው ትምህርት መካከለኛ የነበረው ንጉጊ ግን በእንግሊዝኛው ብርታት አሊያንስ ወደሚባለው ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ይህን በዓይኑ ያየ መንደር ገራፊ አያሻውም፤ ወላጅ ራሱ ልጁን ይገሥጻል።

ስለዚህም ወላጆቹን የአባቶቻቸውን ቅርስ እንደ ናቁ አድርጎ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቅኝ ገዥዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ ለብዙኃኑ በሰፊው ይሰጥ ዘንድ ሲያመነቱ፣ ቀደም ብለው ለማስተማር የተጉት ሕዝቡ በገዛ ገንዘቡና ጉልበቱ ያቆማቸው ነጻ የኪኩዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የአገር ፍቅር አልጎደላቸውም፤ መንግሥት በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ካወጀ በኋላ የዘጋቸውና የወረሳቸው በዐመፅ ጠርጥሮ ነበርና።

ነጻነት በመጣ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማው ሲለወጥ በሩ አልተለወጠም። በ1964 የአገሪቱን ትምህርት እንዲያጠና በመንግሥት የተቋቋመው የኦሚንዴ ኮሚሽን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ከ1985 እስከ 2023 በቆየውም የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ሲመዘኑ ኪኩዩ፣ ሉዎ፣ ካምባ ስፍራ አልነበራቸውም። መዘዙም ከክፍል ውጭ ይዘልቃል፤ አሳታሚ የሚኖረው በተማሪ መጽሐፍ ነውና፣ ፈተና በሌለው ልሳን ለማሳተም የሚደፍር ጥቂት ነው። መጽሐፍ ሲጠፋ አንባቢ ይጠፋል፤ አንባቢ ሲጠፋ ደራሲ፣ ደራሲ ሲጠፋም ተረቱ፣ ምሳሌው፣ የመድኃኒቱ ዕፅ ስምና የእርቁ ሥርዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራሉ።

በአንጻሩ ሶማሊያ በ1972 ለቋንቋዋ የላቲን ፊደል መርጣ የመንግሥት ሠራተኞቿ በአጭር ጊዜ እንዲያጠኑት ባዘዘች ጊዜ፣ ልሳንና እንጀራ አንድ ላይ ስለ ታሰሩ፣ በጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ የነበረው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሶማሊኛ ተጻፈ፤ ትምህርት ቤቶቹም ተከተሉ። ታንዛኒያ ግን አንደኛ ደረጃን በስዋሂሊ አድርጋ ሁለተኛ ደረጃን ለእንግሊዝኛ ስለ ተወች፣ ሰባት ዓመት ሲጠይቅና ሲመልስ የኖረ ልጅ በስምንተኛው ዓመት አንደበቱ ይታሰራል። የእኛም አገር ምስክር ናት፤ እንግሊዝ ቅኝ ሳይገዛን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውም ፈተና በዚያው ስለሆነ፣ ልጆቻችን የገባቸውን መግለጽ ሲያቅታቸው ያልገባቸውን በቃል ይሸመድዳሉ።

የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የአገሬው ልሳናት እንዲያድጉ መደንገጉ የሚመሰገን ቢሆንም፣ የፈተናው ቋንቋ ሳይለወጥ ድንጋጌው ፍሬ ማፍራቱን እጠራጠራለሁ። እንግሊዝኛ የዕውቀት መገናኛ ነውና ተግቶ መማር ይገባል፤ ነገር ግን የልጁ ሒሳብ ዐዋቂነት በሚያስብበት ልሳን ይመዘን። ስለ ባህል ጥበቃ ጉባኤ የሚጠሩ መንግሥታት ሁሉ በመጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸውም፣ ተማሪው የሚፈተነው፣ ዳኛው ፍርድ የሚጽፈው፣ ሠራተኛውም የሚቀጠረው በየትኛው ልሳን እንደ ሆነ ነው።