«ቂጭ ቂጭ» የሚል ሃርድ ዲስክ እና ውስጡ የቀሩ ፎቶዎች

ድምፁ «ቂጭ... ቂጭ... ቂጭ» ነው። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። እኔ የሰማሁት ባለፈው ሴሚስተር፣ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው።

ዶርም የምትኖሩ ሁሉ የሃርድ ዲስክን ኑሮ ታውቁታላችሁ። በስም የአንድ ሰው ነው፣ በተግባር ግን የብሎኩ ሁሉ ንብረት ነው። «ፊልም ልገልብጥ» ብሎ የወሰደው ልጅ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለሌላ ዶርም። የእኔም ሲዞር ሰንብቶ ከተደራራቢ አልጋ ላይ ወደቀ። ማን እንደጣለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁሉም «እኔ ጋ ደህና ነበር» ነው የሚለው።

ፊልሙስ ይቅር። ለፎቶ ጆርናሊዝም ኮርስ የመጨረሻ ሥራ ያነሳኋቸው 600 ያህል ፎቶዎች እዚያው ነበሩ። ከእነሱ አጠገብ ባለ ፎልደር ውስጥ ደግሞ አያቴ አለች፤ ከማረፏ በፊት በነበረው ጥምቀት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ያነሳኋት። ሌላ ቦታ ኮፒ አልነበረኝም። ለኮርሱ መምህሩን ቀን ጨምሩልኝ ብሎ መለመን ይቻላል። አያቴን ግን ማንን ለምኜ ድጋሚ አነሳታለሁ?

ስለዚህ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ነቀልኩት፣ ሰካሁት። በማግስቱ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት፤ ልጁ ገና ሳያየው «ፎርማት እናድርገውና ይስተካከላል» አለኝ። ደግነቱ ገንዘብ አልያዝኩም ነበር። ተመልሼ ወደ ላብ ቴክኒሺያናችን ሄድኩ።

«ስንት ጊዜ ሰክተኸዋል?» አሉኝ።

«ሃያ ጊዜ ይሆናል፣ ጋሼ።»

«በቃ፣ ሃያ አንደኛውን እንዳትሞክረው።»

ለምን እንዳሉኝ የገባኝ የሃርድ ዲስክ ውስጡ ምን እንደሚመስል ካስረዱኝ በኋላ ነው። እንደምታውቁት እንደ ፍላሽ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ውስጡ እንደ መስታወት የተወለወሉ ክብ ሳህኖች አሉ። በብዙዎቹ ትንንሽ ኤክስተርናሎች ሳህኖቹ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በሰከንድ 90 ማለት ነው። በላያቸው ላይ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ሳይነካቸው ይንሳፈፋል። ርቀቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የአንድ ሰው ጸጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሺህ ናኖሜትር በላይ መሆኑን ስታስቡ፣ ዲስኩ ሲወድቅ ምን ሊፈጠር እንደሚችል መገመት አያቅትም። ጭንቅላቱ ሳህኑን ይቧጭራል፣ ወይም ራሱ ይጎዳል። «ቂጭ» የሚለው ድምፅ ጭንቅላቱ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣ ተመልሶ እንደገና ሲሞክር የሚሰማ ነው። የተጎዳ ጭንቅላት ባለበት በሰካችሁት ቁጥር ሳህኑን ይበልጥ እየፋቀ ሊሄድ ይችላል። የተፋቀውን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ይሁን እንጂ «ቂጭ» ሁሉ ሞት አይደለም። እነዚህ ትንንሽ ዲስኮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚያው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ 3.0 ደግሞ 900 ነው። ገመዱ ካረጀ ወይም በማከፋፈያ በኩል ከተሰካ ሞተሩ በቂ ኃይል አጥቶ እየተነሳ ይወድቃል፣ ያንኑ የሚመስል ድምፅም ያሰማል። ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር፤ አጭር አዲስ ገመድ አምጥተው በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰኩት። ቂጭታው ቆመ! «ባይቆም ኖሮ እዚሁ ላይ እጄን አነሳ ነበር» አሉኝ። እንዲያ ከሆነ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ አቧራ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከፍቶ ጭንቅላት የሚቀይር ባለሙያ ጋ መውሰድ። ዋጋው ውድ ነው። እቤት በመፍቻ ከፍቶ ማየት ግን ዲስኩን መግደል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባል ነገርም አለ፤ ሁለት ጓደኞቼ በሙሉ ልብ መክረውኛል። ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ በጤዛ ላይ 5400 ዙር ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

የእኔ ዲስክ ተነሳ፣ ነገር ግን ጤነኛ አልነበረም። ዊንዶውስ ሲያየው «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው» ብሎ ጠየቀ። ይሄ ጥያቄ ስንቱን ሰው ፎቶውን አሳጥቶታል! ከቪስታ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ፎርማት ከመረጣችሁ ዊንዶውስ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ፈጣኑ የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሚሞት ዲስክ መድኃኒት አይደለም። «ቼክ ዲስክ» የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ሊጠግን ብሎ የተጎዳው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ የፋይሎቹንም ስምና ቦታ ሊያዘበራርቅ ይችላል።

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናስበው «ፎቶዎቹን ላውጣ» ብለን ነው። ባለሙያዎቹ ግን መጀመሪያ ፎቶ አይፈልጉም። ዲስኩን እንዳለ፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጡታል። ከዚያ የታመመው ያርፋል፣ ፍለጋው ሁሉ ኮፒው ላይ ይሆናል። ኮፒውን ብታበላሹት እንኳ እንደገና መጀመር ትችላላችሁ።

ለዚህ የተጠቀምንበት ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስተን፣ የተበላሸውን ዲስክ ሳንከፍተው ማለት ነው። የተለመደው ኮፒ መጥፎ ሴክተር ሲገጥመው እዚያው ላይ ይታገላል፤ ዲስኩም በትግሉ መሃል ሊሞት ይችላል። ዲዲሬስኪው ግን ብልህ ነው፤ አስቸጋሪውን ዘሎ መጀመሪያ ቀላሉን ይሰበስባል፣ ለተዘለለው ቀስ ብሎ ይመለሳል። የት እንደደረሰም ካርታ ብለው በሚጠሩት ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ይህች ካርታ ለእኛ አገር የተሠራች ነው የምትመስለው። መብራት አራት ጊዜ ጠፋ፤ አራቱንም ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከየትኛው ወደ የትኛው እንደምትገለብጡ ላይ ነው። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ባዶው ዲስክ ፎቶዎቻችሁ ላይ ይጻፋል። ቴክኒሺያኑ ሦስት ጊዜ አረጋግጠው ነው ቁልፉን የተጫኑት።

500 ጊጋባይቱ ጤነኛ ቢሆን በዩኤስቢ 2.0 አምስት ሰዓት ያህል ይበቃው ነበር። የእኛ ሦስት ቀን ፈጀ። እኔም በየክፍለ ጊዜው መሃል እየሮጥኩ ላብ ገብቼ ቁጥሩን አይ ነበር፤ ልክ ሆስፒታል እንደተኛ ዘመድ።

ከዚያ የፎቶሬክ ተራ ሆነ። ይህንን የሠራው ክሪስቶፍ ግሬኒየር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ፎቶሬክ ማውጫውን አይመለከትም። ማንኛውም የጄፔግ ፎቶ የሚጀምረው በተወሰኑ የታወቁ ባይቶች ስለሆነ፣ ያንን መነሻ እየፈለገ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል። ስለዚህ ማውጫው የጠፋበትም ዲስክ ላይ ይሠራል። ጉዳቱ የፋይሉን ስም አለማወቁ ነው። «ጥምቀት» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር የለም፤ የማገኘው በቁጥር የተሰየሙ ሺህ ምስሎች ናቸው፤ ከፊልም ፖስተር ጋር ተደባልቀው። አንድ ትልቅ ፋይል ዲስኩ ላይ ተበታትኖ ተቀምጦ ከሆነም አንዳንዴ በትክክል አይገጣጥመውም።

ከኮርሱ ፎቶዎች 540 ያህሉ ደህና ወጡ። ቀሪዎቹ ግማሻቸው ግራጫ ነው። ይህም ምክንያት አለው። አብዛኛው የካሜራ ፎቶ ከላይ ወደ ታች የሚጻፍ በመሆኑ መሃል ላይ ሴክተር ከጎደለ ከዚያ በታች ያለው ይበላሻል። አንድ 4 ሜጋባይት ፎቶ በ4096 ባይት ሲከፈል አንድ ሺህ ያህል ሴክተር ይይዛል፤ የአንዱ ሕመም ለተከታዮቹ ይተርፋል።

አያቴ ያለችበት አሥራ አንድ ፎቶ ነበር። ሰባቱ ሙሉ ናቸው። በሦስቱ ፊቷ አለ፣ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ ይታያል፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። አሥራ አንደኛው አልተገኘም። ግን ካሜራዎች ፋይሉ መነሻ ላይ 160 በ120 ነጥብ የሆነች ትንሽ ምስል ያስቀምጣሉ፤ ፎቶሬክም እነዚህን ለብቻ አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል። እዚያ ውስጥ አገኘኋት፤ ስትስቅ። የቴምብር ታህል፣ አትሰፋም፣ ብትሰፋም ነጥብ ነጥብ ነው የምትሆነው። ለእናቴ በስልክ ልኬላት «በስልኬ ልክ ደህና ናት» አለችኝ።