አጥንት የሌለው ነካሽ

እ.ኤ.አ. በ1925 ጋይ ሮብሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ግዙፍ ስኩዊድ (ባለብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ) ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ እጁ ላይ የነበረው ሙሉ እንስሳ አልነበረም። በፎክላንድ ደሴቶች አካባቢ ከዓሣ ነባሪ ሆድ የወጡ ክንዶች ብቻ ነበሩ። ስለ ጥልቅ ባሕር ስኩዊዶች ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ከዚያው ጓዳ ነው። ሥጋቸው ይፈጫል፤ ምንቃራቸው ግን እንዳለ ይቀራል። ከዓሣ ነባሪው ሆድ በሚወጣውና ለሽቶ በሚፈለገው ዐንበር ውስጥ እንኳ ተሰንቅሮ ይገኛል። (‹ዓሣ አንበሪ› የሚለው የቆየ ስም የዚሁ የ‹ዐንበር› ዘመድ ነው።)

ምንቃሩ የበቀቀን ይመስላል፦ ጠቆር፣ ቆልመም ያለ፣ በክንዶቹ መሐል የተሸሸገ። ገጠማው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በስኩዊድ የታችኛው በላይኛው ላይ ይደርባል። ምግብን አድቅቆ መዋጥም ግዴታ ነው፤ የምግብ ቧንቧው በአንጎሉ መሐል ያልፋልና። ለስኩዊድ ትልቅ ጉርሻ አይሆንለትም።

እንቆቅልሹ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስኩዊድ አጥንት የለውም፤ ምንቃሩን የያዘው ጡንቻ ብቻ ነው። እጀታ የሌለው ቢላ ሊጥ ውስጥ ሰክቶ ሥጋ ለመክተፍ የሚሞክር ሰው ሊጡን ቀድሞ ይቆርጠዋል። ስኩዊድ ታዲያ የገዛ አፉን ሳይበጣጥስ እንዴት ይነክሳል?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሃምቦልት በተባለው የስኩዊድ ዝርያ ላይ ያገኙት መልስ ውኃ ነው። ምንቃሩ እንደ ጥርስ ማዕድን የለውም፤ የተሠራው የአንበጣ ቅርፊት ከሚሠራበት ካይቲን፣ ከፕሮቲንና ከውኃ ነው። ጫፉ ላይ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ውኃውን ያስወጡታል። ወደ ሥሩ ሲኬድ ፕሮቲኑ እየሳሳ፣ ውኃው እየበዛ ይመጣል። ጫፉ ከሥሩ ወደ መቶ እጥፍ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ጠንካራው የት አብቅቶ ለስላሳው የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ድንበር የለም። ምንቃሩ ከደረቀ ሥሩም ይገረራል፤ ልዩነቱም በእጅጉ ይጠብባል።

እድገቱ ከኋላ ነው። ከሥሩ ያሉ ሕዋሳት ንብርብር በንብርብር ሲጨምሩ፣ ፊት ያለው ጫፍ በንክሻ ይሸረፋል። በግልገልነቱ ብርሃን የሚያሳልፈው ምንቃር ከዕድሜ ጋር ይጠቁራል። ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መስመሮች አሉት፤ ተራ ኦክቶፐስ በሚባለው የስኩዊድ ዘመድ አንዱ መስመር የአንድ ቀን መሆኑ ተረጋግጧል።

ባለሙያዎች ከታችኛው ምንቃር ጫፍ እስከ መታጠፊያው ያለውን ርዝመት ለክተው የእንስሳውን መጠን ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአንታርክቲካ ሮስ ባሕር የተያዘውና ዌሊንግተን በሚገኘው ቴ ፓፓ ሙዚየም ያለው የሮብሰን ስኩዊድ ዝርያ 495 ኪሎ ይመዝናል፤ የምንቃሩ ልክ ደግሞ 42.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዓሣ ነባሪ ሆድ ግን 49 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ተገኝቷል። ባለቤቱን ያየው ዓሣ ነባሪው ብቻ ነው።