የአስቴር እጅ

ባሌ ውስጥ፣ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ የቋንቋ መጽሐፉን ሲገልጥ፣ ከቤት የሚያውቀው ነገር ይጠብቀዋል፦ ተረት፣ ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽ። ማታ እሳት ዳር ከአያቱ የሰማውን ሂቦ (እንቆቅልሽ) በማግስቱ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ተጽፎ ያነበዋል። ቁቤ የትምህርት ቤት ፊደል የሆነው ከ1991 ወዲህ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ልጅን በገዛ ቤቱ ተረት ንባብ የማስተማሩ ሐሳብ ግን ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ፈለጉን ተከትሎ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ከባሌ ደጋ ወርዶ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከምትባል ሰፈር ይደርሳል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን እዚያ ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ነበረው። በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች የተዘጋጀ የኦሮምኛ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ታትሞ የወጣው ከዚያ ነው።

መጽሐፉ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ስም የኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳንም፣ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ቅድስት ክሪስኮና በተባለው ስፍራ የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም በእሱ ስም ይታወቃሉ። የ1899ኙ የርዕስ ገጽ ተርጓሚው ኦነሲሞስ መሆኑን ብቻ ይናገራል።

ኦነሲሞስ የተወለደው በ1850ዎቹ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አውጥቶ ለስዊድኖቹ አስረከበው። ከዚያ በኋላ እምኩሉ ተማረ፣ ስዊድን አገርም ሄዶ ዓመታት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ነገሩን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወንጌልን ለመተርጎም ሃይማኖታዊ ቃል ብቻ አይበቃም። ወንጌል ውስጥ ቀንበር አለ፣ አውድማ አለ፣ ወንፊት አለ፣ ሊጥ የሚያቦካ እርሾ አለ፣ የሚዜዎችና የሙሽራ ሥርዓት አለ። እነዚህን ቃላት ሰው ከመዝገበ ቃላት አይማራቸውም፤ ማጀት ውስጥ፣ አውድማ ላይ፣ ሰርግ ቤት ነው የሚጠባቸው። በሕፃንነቱ ከቀዬው ተነጥቆ፣ በባዕድ ቋንቋዎች መካከል ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው?

መልሱ በ1886 በጀልባ መጣ። በዚያ ዓመት የጣሊያን መርከቦች ባሪያ ጭኖ ወደ ዓረብ ምድር የሚሻገር ጀልባ ቀይ ባሕር ላይ ያዙ። ከተጫኑት መካከል የዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ አስቴር ጋኖ። ነፃ ሆና ተወልዳ ኋላ ላይ የሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት የያዛት ናት። ጣሊያኖቹ ወደ ኤርትራ ወሰዷት፤ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። በእሷና በኦነሲሞስ መካከል የነበረው ትልቁ ልዩነት ዕድሜ ነው። እሱ የተወሰደው ገና በሕፃንነቱ ሲሆን፣ እሷ ግን ተረቱንም ዘፈኑንም የማጀቱንም ቋንቋ ጠግባ ነው የመጣችው።

ችሎታዋን ቶሎ የተረዳው ራሱ ኦነሲሞስ ነው። አእምሮዋ ብሩህ፣ ለቋንቋው ያላት ስሜት የጠለቀ መሆኑን አየና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ ተመደበች። የሰበሰበችው ቃል መጀመሪያ የዋለው የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማረም ነው። 1893 ላይ የታተመው ጽሑፍ እንግዲህ በእሷ ወንፊት ተነፍቶ የወጣ ነው። አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችንም ወደ ኦሮምኛ መለሰች። ከዚያ አልፋ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ናቸው በ1894ቱ የንባብ መጽሐፍ የገቡት። ልጅን በአያቱ እንቆቅልሽ ማስነበብ የተጀመረው ከባሕር በተረፈች አንዲት ወጣት ትዝታ መሆኑ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ኋላም ከኦነሲሞስ ጋር የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀች። የመጽሐፍ ቅዱሱንም ትርጉም አብረው ፈጸሙ።

ታዲያ የ1899ኙ የርዕስ ገጽ ስለምን ዝም አለ? የሴት ጽሑፍ ያለ ሴት ስም መውጣቱ የእምኩሉ ብቻ ጠባይ አልነበረም። እንግሊዝን ከ1714 እስከ 1830 አራት ጆርጆች ተከታትለው በገዙበት ዘመን የሴቶች መጻሕፍት በብዛት መታተም ጀምረው ነበር። በኛ በኩል ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ኃያል በነበሩበት ዘመን መጽሐፍ ገና በብራና፣ በጸሐፊ እጅ ይገለበጥ ነበር፤ ለንደን ግን ልብ ወለድ የሚገዛና የሚሸጥ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ወደዚያ ገበያ የገቡት ተሸፋፍነው ነው። ፋኒ በርኒ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ኤቨሊናን ለአሳታሚ ስትልክ ጽሕፈቷን ለውጣ ገለበጠችው፤ የአባቷን መጽሐፍ ስትገለብጥ ስለኖረች እጇን የሚያውቅ እንዳይገኝ ፈርታ ነው። መጽሐፉ በ1778 ያለ ስም ወጣ፤ ያገኘችበትም 20 ጊኒ ነበር። ጄን ኦስተን በ1803 አንድ ረቂቅ በ10 ፓውንድ ሸጠች፤ ገዢው ሳያሳትመው ዓመታት አስቀመጠው፤ በ1816 ቤተሰቧ ያንኑ ገንዘብ መልሰው ረቂቁን ወሰዱ። በ1811 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ የርዕስ ገጽ የሚለው «በአንዲት እመቤት» ብቻ ነው። ስሟን ለሕዝብ ያስታወቀው ወንድሟ ሄንሪ ነበር፤ ያም በ1817 መጨረሻ፣ እሷ ከሞተች ከወራት በኋላ።

ከሁሉ ይልቅ ለአስቴር የምትቀርበው ግን ፊሊስ ዊትሊ ናት። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናት ከምዕራብ አፍሪካ ተወስዳ በ1761 ቦስተን ላይ ተሸጠች። በ1773 የግጥም መጽሐፏ ለንደን ታተመ፤ ስሟም ምስሏም አለበት። ነገር ግን ከስሟ ጋር የጌታዋ ስም አብሮ ተጻፈ፤ ግጥሙን በእርግጥ የጻፈችው እሷ መሆኗን የሚመሰክር የ18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ፊርማም ታከለ። ጽሑፏ ብቻውን ምስክር ሊሆናት አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የርዕስ ገጽ የሥራው ቃለ ጉባኤ አለመሆኑን ነው። በመጽሐፉ ስም ማን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚታመን፣ የማን ስም እንደሚያሸጥ የሚነግር ገጽ ነው። በርኒና ኦስተን ስማቸውን የደበቁት ራሳቸው ናቸው፤ ዊትሊ ስሟ እንዲጻፍ ዋስ መጥራት ነበረባት። የአስቴር ነገር ከሦስቱም ይለያል። የሷ ሥራ እንደ ድርሰት አልተቆጠረም፤ እንደ እርዳታ ታለፈ። ቃል የሰበሰበ ረዳት ነው፤ ዓረፍተ ነገር ያቀና ተርጓሚ ነው የሚል ሚዛን ነበረና።

ነገሩን ከመዛግብት ያወጣው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ስዊድናዊ ጉስታቭ አሬን ነው። በኢትዮጵያ ስለነበሩ የወንጌላውያን ፈር ቀዳጆች በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ መዝገበ ቃላቱ፣ የተረቱ ስብስብና የሁለቱ የጋራ ትርጉም በስሟ ተመዝግበዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ወሬ ግን ከገጹ ግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለው፦ አስቴር ከሰበሰበችው ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ያልታተመም ብዙ ቀርቶ በሚሲዮናውያኑ በሃይላንደር ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ መቆየቱ።

አስቴር እምኩሉ ላይ አልቀረችም። በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። ኦነሲሞስ በ1931 ዐረፈ። እሷ እስከ 1964 ቆየች፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ከታተመ በኋላ ስድሳ አምስት ዓመት ኖራለች ማለት ነው። በዚህ መካከል የሴት ስም የመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲወጣ አገሩ አይቷል። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1950 ገደማ አሳተመች፤ ኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩት እዚያው የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በታተመበት በቅድስት ክሪስኮና ነበር። ስንዱ ትምህርት ከቤት የጠበቃት፣ የታወቀ ሰው ልጅ ነበረች። አስቴር ያን የመሰለ ቤት አልነበራትም።

ወደ ባሌ ስንመለስ ጉዳዩ ከታሪክ ያልፋል። የአስቴር ስብስብ የመነጨው ከምዕራቡ ኦሮምኛ ነው፤ የአርሲና የባሌ ሴቶች ቃል እዚያ የለም። የሚሰበሰብ ጠፍቶ ግን አይደለም። እዚህ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ናት። ባል ሚስቱን ከበደለ፣ በተለይም አራስ ሳለች እጁን ካነሣባት፣ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። አቴቴ የሚባለውን ዘፈን ይዘምራሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ አይመለሱም። ዘፈኑ ክስም ነው፣ ፍርድም ነው፣ ግጥምም ነው። እንደየበደሉ ስንኝ እየታከለበት ይወጣል። ጥሩ አውጪ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ያውቃል።

ይህን ዘፈን ዛሬ መቅረጽ ቀላል ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይችላል። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቋንቋና የፎክሎር ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ገጠር ወርዶ ሽማግሌና አሮጊት ይጠይቃል። አደጋው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ግጥሙ በተማሪው ስም ይገባና ግጥሙን ያወጣችው እናት «መረጃ ሰጪ» ከሚል ዝርዝር ትገባለች፤ አንዳንዴም «የአካባቢው ሴቶች» ተብላ ትታለፋለች። እምኩሉ ላይ የነበረው ሚዛን ይኸው ነው። ፈቃዷ ከተገኘ ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ የተቀረጸበት ቀንና ከማን እንደተማረችው አብሮ ሊጻፍ ይገባል፤ ይህ የአንድ መስመር ሥራ ነው። አስቴርን ከመዛግብት ፈልጎ ለማውጣት ከሰማንያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እሷ እንኳ የተገኘችው በእጇ ስለጻፈች ነው፤ አቴቴ የምታወጣው የባሌ እናት ግን ብዙ ጊዜ አትጽፍምና፣ ዛሬ ስሟን ያልጻፈላት ሰው ነገ የሚፈልግበት መዝገብ አያገኝም።