ማራቶን ይቆይ

እ.ኤ.አ. በ2014 የዱባይ ማራቶንን ያሸነፈው ፀጋዬ መኮንን ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። የገባበት ሰዓት 2:04:32፣ የአንደኛው ሽልማት ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ነበር። በክለብ ደመወዝ ለሚኖር ወጣት አትሌት ይህ ቤተሰብ የሚያቋቁም ገንዘብ ነው፤ ትራኩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጎዳና ሩጫ መውጣት ቢመኝ አይፈረድበትም። የረጅም ርቀት ሩጫ ግን በብዙ ዓመታት የሚታጨድ ሙያ ነው። ዓመታቱን ማትረፍ የፈለገ ሁሉ ማራቶንን ቢያቆይ ይጠቀማል፤ የታላላቅ አትሌቶቻችን ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

በዚያው የዱባይ ውድድር አራተኛ የወጣው የ22 ዓመቱ ታምራት ቶላ ነበር። ታምራት ማራቶን ቢቀምስም ትራኩን አልተወም፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። ዱባይን በ2017 አሸነፈ፣ በ2022 በኦሪገን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ከተጠባባቂነት ተነስቶ፣ በጉዳት የወጣውን ሲሳይ ለማን ተክቶ፣ የፓሪስ ኦሊምፒክን ማራቶን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ቀነኒሳ በቀለ የመጀመሪያ ማራቶኑን ፓሪስ ላይ ሮጦ ሲያሸንፍ 31 ዓመቱ ነበር። በ5 ሺህ ሜትር በ2004፣ በ10 ሺህ ሜትር በ2005 ያስመዘገባቸው የዓለም ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ማንም አልደፈራቸውም። ያን ፍጥነት ይዞ ስለወጣ በ2019 በርሊንን በ2:01:41 አሸነፈ፤ በ41 ዓመቱም ለንደን ላይ ሁለተኛ ሆነ። ደራርቱ ቱሉም በባርሴሎናና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካጠለቀች ከዓመታት በኋላ፣ በ2009 ኒውዮርክን ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር።

ምክንያቱ ከሰውነትም ከኪስም ይመነጫል። ፍጥነት የሚገነባው በወጣትነት ነው፤ ጅማትና አጥንት ደግሞ ረጅም ርቀትን የሚለምዱት ቀስ እያሉ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይል መሮጥ ለሳምንታት ያደክማልና ታላላቆቹ ማራቶን የሚሮጡት በአብዛኛው በዓመት ሁለቴ ነው። ማራቶንን ብቻ የያዘ ወጣት እንግዲህ የዓመት ገቢው በሁለት ቀን ላይ ይወድቃል፤ አንድ ጉዳት ግማሹን ሊወስድበት፣ የጫማ ኩባንያ ውሉንም ሊያሳንስበት ይችላል። ከሽልማቱ ድርሻ የሚያገኘው ማናጀር፣ አንዱ ቢጎዳበት ሌሎች ሯጮች አሉት፤ ሯጩ ግን ሌላ እግር የለውም።

«የጠቀስካቸው ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ፀጋዬም በ2017 ሃምቡርግን ቢያሸንፍም የዱባዩን ሰዓት አለማሻሻሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይሁንና ተሰጥኦ ያላቸው እንኳ ደረጃውን ጠብቀው ከወጡ፣ ያነሰ ተሰጥኦ ያለው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። የዓለም አትሌቲክስ ሕግም ከ20 ዓመት በታች ያሉትን በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን አያሳትፍም። የሚከብደው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀውን ልጅ «ታገስ» ማለት ይቀላል፣ የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ደግሞ እየጠፋ ነው። ስለዚህ ትዕግሥቱን ከልጁ ብቻ መጠበቅ ፍትሕ አይሆንም።

መካከለኛ መንገድ አለ፦ የ10 ኪሎ ሜትርና የግማሽ ማራቶን ውድድሮች ገቢ ያስገኛሉ፣ ሰውነትንም እንደ ማራቶን አይጎዱም። ክለቦች ለታዳጊዎች ኑሮን የሚሸፍን ደመወዝ ቢከፍሉ፣ ፌዴሬሽኑ በአገር ውስጥ የሚሸልሙ የትራክ ውድድሮችን ቢያበዛ፣ ከ20 ዓመት በታች ላለ ሯጭ የሚቀርብ የማራቶን ውልም ያለ አሠልጣኙ ስምምነት እንዳይፈረም ቢደረግ፣ ወጣቱ ለመቆየት አቅም ያገኛል። ይህን ሳናደርግ ቸኮለ ብለን ልንወቅሰው አይገባም።