ታኮው ሳያልቅ ደስታው ለምን ያልቃል?

ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ከቁስቋም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ሥራ ከሚገቡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚወርዱት በሸበጥ ወይም በስኒከር ነው። ታኮው ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ታክሲ ውስጥ ወይ ቢሮ በር ላይ ይቀየራል፣ ማታ ተመልሶ ቦርሳ ይገባል። ብዙ ብር የወጣበት ጫማ የሰፈሩን መንገድ ሳይረግጥ ይከርማል ማለት ነው።

ይሄን ስናይ ጥያቄ መጣብን። ታኮ ጫማ ሲገዛ የሚሰማው ያ ልብ የሚያሞቅ ነገር ስንት ጊዜ ይቆያል? የሚጠፋውስ ለምንድን ነው? መልስ የሚሰጡ ጥናቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከምትጠብቁት የተለየ ነገር ነው የሚሉት። ወንዶችም አትለፉት፣ ስኒከርና ስልክ ላይም ነገሩ ያው ነው።

ከመግዛት በፊት ካለው እንጀምር። እንበልና አንዲት ልጅ ቴሌግራም ላይ ጫማ አየች። ስክሪንሾት አነሳች፣ ዋጋውን በኢንቦክስ ጠየቀች፣ ደነገጠች፣ ተወችው። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ አየችው። የዕቁቧን ተራ መጠበቅ ጀመረች። በዚህ መሀል በሐሳቧ ጫማውን አሥር ጊዜ አድርጋዋለች። ከየትኛው ቀሚስ ጋር እንደሚሄድ፣ የማን ሠርግ ላይ እንደምታደርገው ሁሉ ጨርሳለች። ገና አልገዛችውም እኮ!

ማርሻ ሪቺንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመችው ጥናት የሚያወራው ስለዚችው ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዕቃ ላይ ትልቅ ተስፋ የሚጥሉ ሰዎች የበለጠ ደስ የሚላቸው ዕቃው እጃቸው ከመግባቱ በፊት ነው። ከገባ በኋላ ስሜቱ ይወርዳል። ምክንያቱም የሚጠብቁት ጫማ ብቻ አይደለም፤ ጫማው ሌላ ሰው እንዲያደርጋቸው ነው የሚጠብቁት። የበለጠ በራሷ የምትተማመን፣ ሲያልፉ ዘወር ተብላ የምትታይ ልጅ። ካርቶኑ ሲከፈት ግን የሚገኘው ጫማ ነው።

አንጎላችንም የተሠራው እንደዚህ ነው። ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ ዝንጀሮዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ ተመርኩዘው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጽሑፍ በዘርፉ በጣም ታዋቂ ነው። ዝንጀሮው ጁስ ሲሰጠው ዶፓሚን የሚለቁት ሴሎች ይነቃሉ። ጁሱ ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ መብራት የሚበራ ከሆነ ግን፣ ከጊዜ በኋላ ሴሎቹ የሚነቁት መብራቱ ሲበራ ነው። ጁሱ ራሱ ሲመጣ ዝም። የተጠበቀ ነገር በተጠበቀበት ሰዓት ከመጣ ለነሱ ዜና አይደለም። በኛ ቋንቋ፦ «ዕቃሽ ደርሷል፣ ዴሊቨሪው እየመጣ ነው» የሚለው ስልክ ከጫማው በላይ ልብ ሊያስመታ ይችላል።

ከዚያ መልመድ ይመጣል። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1971 ነገሩን ቦታው ሳይለቅ ከሚያስሮጥ የጂም ማሽን ጋር አመሳሰሉት፤ ትሮጣላችሁ፣ ግን እዚያው ናችሁ። ብሪክማን በ1978 ከሌሎች ጋር ሆኖ 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ዕድል ካልደረሳቸው 22 ሰዎች ጋር አወዳደረ። ባለዕድሎቹ ያን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም በተራ የቀን ተቀን ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። (ይሄ ጥናት ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ይጠቀሳል፣ ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። በ2020 የወጣ ሰፊ የስዊድን ጥናት ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ከአሥር ዓመት በኋላም ከፍ ብሎ መቆየቱን አሳይቷል። ስለዚህ ገንዘብ ደስታ አይሰጥም ብሎ መደምደም አያዋጣም። ጫማ ግን ሎተሪ አይደለም።)

እዚህ ጋ ነው ታኮ ጫማ ከሌላው ዕቃ የሚለየው። አዲስ ስልክ ቀኑን ሙሉ እጃችን ላይ ስለሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዝም ብሎ ስልክ ይሆናል። ታኮ ግን፣ በተለይ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይደረጋል? ምርቃት፣ ሠርግ፣ ልደት፣ በዓል። በቃ። ይሄ ደግሞ ለደስታው ጥሩ ነው። ጆርዲ ኩዋድባክና ኤልዛቤት ደን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሙከራ፣ ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት የተከለከሉ ሰዎች ተመልሰው ሲቀምሱት እንደልባቸው ሲበሉ ከሰነበቱት የበለጠ ጣማቸው። የጾም ፍቺን ሥጋ የሚያውቅ ሕዝብ ይሄን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም ነበር፣ ግን ይሁን።

ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ የሚኖረው ታኮ ደስታው ቶሎ አያልቅም ማለት ነው? በከፊል አዎ። ግን ሌላ ጣጣ አለ። ሌፍ ኔልሰንና ቶም ሜይቪስ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ደስ የሚል ነገር መሀል ላይ ሲቋረጥ ይበልጥ ደስ ይላል። የሚረብሽ ነገርም መሀል ላይ ሲቋረጥ ይበልጥ ይረብሻል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ማቋረጥ መልመድን ያፈርሳል። ታኮ ደግሞ ሁለቱም ነው፣ ያስደስታልም ያሳምማልም። አልፎ አልፎ የምታደርገው ልጅ ደስታውን አትለምደውም፣ ሕመሙንም አትለምደውም። በየሠርጉ አዲስ ደስታ፣ በየሠርጉ አዲስ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ።

በየቀኑ የሚያደርጉትስ? እነሱን ሰውነታቸው ይለምድላቸዋል፣ ግን በነጻ አይደለም። የማንችስተር ሜትሮፖሊታንና የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ታኮ ለዓመታት አዘውትረው ያደረጉ ሴቶችን አጥንቶ ነበር። የባታቸው ጡንቻ ክሮች 13 በመቶ ገደማ አጥረው፣ የተረከዛቸው ጅማትም ወፍሮና ጠንክሮ ተገኘ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሴቶች «ታኮ ሳይሆን ፍላት ነው እግሬን የሚያመኝ» የሚሉት። እየቀለዱ አይደለም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። ታኮው 8 ሳንቲ ሜትር፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ያለው ርዝመት ደግሞ 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እግር ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳን ወደ 30 ዲግሪ ያዘነብላል። ቁልቁል ሲሆን የመንገዱ ማዘንበል እዚያ ላይ ይደመራል። ክብደት ሁሉ ወደፊት ይንሸራተትና ጣቶች ጫማው አፍንጫ ላይ ይጨፈለቃሉ። ሽቅብ ሲሆን ግን ዳገቱ የታኮውን ሥራ በከፊል ስለሚሠራ እግር ቀና ይላል። ስለዚህ ለጣቶች ክፉው ጉዞ ጠዋት ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወረደው ነው፤ የማታው ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጣት ላይ ያን ያህል አይጨክንም። ሰዎች ግን ሲጠየቁ ዳገቱን ነው የሚያማርሩት።

ኮብልስቶን ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ጫፍ ባለው ቀጭን ታኮ ላይ ለቅጽበት ሙሉ ክብደቷን ስታሳርፍ፣ 60 ኪሎው በሙሉ እዚያች ጠብታ ቦታ ላይ ነው። ዝሆን እንኳን እግሩ ሰፊ ስለሆነ በካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያሳርፈው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ታኮው በድንጋዮቹ መሀል ሲሰምጥ ጥፋቱ የአረማመዳችሁ አይደለም።

በነገራችን ላይ «ታኮ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ እዚያም የጫማ ተረከዝ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ሌላ ሥራም ተሰጥቶታል። ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ረዳቱ ጎማው ሥር የሚወሽቀው ድንጋይም ታኮ ነው። ለመኪናው ማቆሚያ፣ ለሴቷ ማንሸራተቻ። ሌላም የሚገርም ነገር፣ ባለ ታኮ ጫማ በመጀመሪያ የሴት አልነበረም። የፋርስ ፈረሰኞች እርካብ ላይ እግራቸው እንዲጸና ያደርጉት ነበር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ወንድ መኳንንት ወሰዱት፣ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ቀይ ታኮ ያደርግ ነበር። የኛ ፈረሰኞች ደግሞ በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካብ ውስጥ ያስገቡ ነበር። ታኮ አላስፈለጋቸውም።

ቁስቋም ላይ ታኮ በደንብ የሚታይበት ቀን ቢኖር ህዳር 6 ነው። ጾመ ጽጌ ህዳር 5 ያበቃና በማግስቱ የቁስቋም ማርያም ንግሥ ይሆናል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሽሮ ሜዳ የተሰፋው ቀሚስ ወጥቷል። ከቀሚሱ ሥር ደግሞ ጫማው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመግባት ግን ጫማ ይወልቃል። ብዙ የተጠበቀለት ጫማ በር ላይ ከሸበጥና ከኮንጎ ጋር ተሰልፎ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ሐሳቧ ግማሹ እሱ ጋ ነው። የሚያስቀው ግን፣ ከዓመት በኋላ የዚያን ቀን ፎቶ ስታይ ትዝ የሚላት ጫማው ሳይሆን አብረዋት የነበሩት ናቸው። ሊፍ ቫን ቦቨንና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳገኙት፣ ሰዎች ለሆነ ቀን ወይም ለሆነ ልምድ ባወጡት ገንዘብ ለዕቃ ካወጡት የበለጠ ይደሰታሉ። ታኮ በሁለቱ መሀል ያለ ነገር ነው። ከአንድ ቀን ጋር የተያያዘ ታኮ፣ ለምሳሌ የምርቃት ወይም የሚዜነት ጫማ፣ ከ«ቅናሽ ስላለው ገዛሁት» ጫማ በላይ ሲወደድ ይኖራል። እህትማማቾች የሚዋዋሱት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንዷ ስትለምደው ለሌላዋ አዲስ ነው።

«እንግዲያው ካርቶኑ ውስጥ ጠብቄ ላቆየው» የምትል ካለች፣ ቆይ። ይሄኛው ስሜት ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው። የብዙ ዘመናዊ ጫማ ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ይሄ ነገር ቢደረግም ባይደረግም አየር ላይ ባለው እርጥበት ቀስ እያለ ይፈርሳል። የሰው ሠራሽ ቆዳ ሽፋንም እንደዚሁ ይላላጣል። ማስቲሹም ይደርቃል። አልጋ ሥር ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፈ፣ አንዴ ብቻ የተደረገ ጫማ ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ሶሉ ተፈርፍሮ ሊቀር የሚችለው ለዚህ ነው። የማጣበቅ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ጫማ ሰፊ ያድነዋል፣ ሶሉ ራሱ ዱቄት ከሆነ ግን ማንም አያድነውም። እውነተኛ ቆዳና የቆዳ ወይም የጎማ ሶል ያለው የበለጠ ይቆያል። ካርቶን ውስጥ ከሚታፈን ደግሞ አልፎ አልፎ ወጥቶ ቢነፍስበትና ቢደረግ ይሻለዋል።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጫማ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ጫማ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ፈረንሳዊው ዴኒ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1769 የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ የሚያምር አዲስ ካባ አገኘና የቤቱ ዕቃ ሁሉ ከካባው ጋር ሲተያይ ያረጀ መሰለው፣ አንድ በአንድ ቀየረው። ቀይ ታኮ የገዛች ልጅም ቀይ ቦርሳ ትፈልጋለች፣ ከዚያ ቀሚሱ ይቀራል። ተበድሮ ለሚገዛ ሰው ሒሳቡ የከፋ ነው፤ ደስታው በሳምንታት ይለመዳል፣ ዕዳው ግን በየወሩ እየመጣ ራሱን ያስታውሳል። ማለትም እንደዚያ የሚቆራረጠው ሕመም፣ ፈጽሞ አይለመድም።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ጥቂት ነገር እንበል። ስክሪንሾቱን ይዛችሁ አንድ ወር ቆዩ፤ መጠበቁ ራሱ የደስታው ትልቁ ክፍል ነው፣ ደግሞ በነጻ ነው። ከወር በኋላም የምታደርጉበትን ቀን በስሙ መጥራት ካቃታችሁ ተዉት። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ስለሚያብጥ ጫማ የምትሞክሩት ከሰዓት በኋላ ይሁን። ታኮው ሰፋ ያለ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ አይሰምጥም። ከታኮው ጫፍ ሥር ያለችውን ትንሽ ላስቲክ እዩዋት፤ አልቃ ሚስማሩ መጮህ ሲጀምር ሳትውሉ ሳታድሩ አስቀይሯት፣ ካለፈ ታኮውን ራሱን ይበላዋል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ አትመኑት። ሴራሚኩ ላይ ውጡና አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ ከተቻለ ደረጃ ውረዱበት። ባለሱቁ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፣ ግን ቁልቁለቱን የሚወርደው እሱ አይደለም።