ልጆች እንዲንቀሳቀሱ አስቀድሞ ወላጅ ይነሣ

በአዲስ አበባ የብዙ ተማሪዎች ውሎ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ወይም የወላጅ መኪና ከደጃፍ ያነሣቸዋል። ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ማታ በዚያው መኪና ተመልሰው ቤት ይገባሉ። ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከቤት ሥራ በኋላ ቴሌቪዥን ወይም ሞባይል፣ በመጨረሻም እንቅልፍ ይከተላል። በቀኑ ውስጥ ላባቸው ጠብ ያለበት ሰዓት ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ወላጆች ይህን ሳያስተውሉ ቀርተው አይደለም። “ኧረ ተነሥ፣ ወጣ ብለህ ተጫወት!” የማይል አባት፣ “ስልክ ላይ ተጥደሽ መዋልሽ ነው?” ብላ የማትቆጣ እናት ጥቂት ናቸው። ችግሩ ይህን የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን እየነካኩ መሆኑ ነው። ልጁም ትእዛዙን ከመስማቱ በፊት አዛዡን ያያል።

ለመሆኑ የወላጅ አርአያነት በልጆች እንቅስቃሴ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ከሥራና ከትራንስፖርት የተረፈ ጊዜ የሌለው የከተማ ወላጅስ ምን ማድረግ ይችላል?

ምን ያህል እንቅስቃሴ ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ልብን በኃይል የሚያስመታ፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሊኖር ይገባል። ሩጫ፣ ገመድ ዝላይና ኳስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሌላ መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60ው ጠንከር ያለ እንዲሆን፣ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ፊት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል።

ጥቅሙ ውፍረትን በመከላከል ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ልጅ ልቡና ሳንባው ይጠነክራል፤ አጥንቱ ይጠብቃል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታውም ሆነ የአእምሮ ጤናው ይሻሻላል። በተለይ አጥንት ዋና ግንባታው የሚካሄደው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ያልተሠራውን በኋላ ለማካካስ አስቸጋሪ ነው።

ይሁንና ይህን መጠን የሚያሟሉ ልጆች ጥቂት ናቸው። ከ146 አገሮች በተሰበሰበ የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 81 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም ነበር። ከወንዶቹ 78 በመቶ፣ ከሴቶቹ 85 በመቶ መሆኑ ደግሞ ሴት ልጆች ይበልጥ ወደ ኋላ መቅረታቸውን ያመለክታል።

ከምክር ይልቅ ምሳሌ

“እናቷን አይተህ ልጇን አግባ” የሚሉት አባቶቻችን ልጅ ከወላጁ ምን እንደሚወርስ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ጉዳዩን በራሳቸው መንገድ ፈትነውታል። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ሕፃናትን ያሳተፈ ሙከራ አደረገ። ከፊሎቹ ሕፃናት አንድ አዋቂ ሰው አሻንጉሊት ሲመታና ሲሳደብ እንዲያዩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብሎ በሰላም ሲጫወት እንዲያዩ ተደረገ። ኋላ ለብቻቸው ሲተዉ፣ ድብደባውን ያዩት ብዙዎቹ የአዋቂውን አመታትና አነጋገር ሳይቀር ደገሙት። “እንዲህ አድርጉ” ያላቸው ሰው አልነበረም። ማየታቸው ብቻ በቂ ሆነ።

ወደ አካል እንቅስቃሴ ስንመጣ፣ ይበልጥ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 7 ዓመት በሆኑ 100 ሕፃናትና በወላጆቻቸው ላይ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ መሣሪያ አሰሩ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። የምትንቀሳቀስ እናት ያላቸው ልጆች እናታቸው ከማትንቀሳቀስ ልጆች ይልቅ ንቁ የመሆን ዕድላቸው 2 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አባት የሚንቀሳቀስ ከሆነ 3.5 እጥፍ ሆነ። ሁለቱም ወላጆች የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ደግሞ ወደ 5.8 እጥፍ ከፍ አለ።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ ከአርአያነት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የዘር ውርስም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ገልጸዋል። የሚንቀሳቀስ ወላጅ ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ኳስም ይገዛለታል፤ ሲሞክርም ያበረታታዋል። ይሁን እንጂ ከዘር ውርስ በቀር ሌላው ሁሉ በወላጅ እጅ ያለ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

የበቆጂ ልጆች ምን ያያሉ?

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በአርሲ የምትገኘው ትንሿ ከተማ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና የዲባባ እኅትማማቾችን አፍርታለች። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የአክስቷ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ ገና ሕፃን ነበረች። ከጥሩነሽ ቀድማ ሩጫ የጀመረችው ታላቅ እኅቷ እጅጋየሁ በ2004 በአቴንስ ብር አገኘች። ጥሩነሽ በ2008 በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደች። ታናሽ እኅታቸው ገንዘቤም በ2015 የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

ከፍታው፣ የአየር ጠባዩና የተፈጥሮ ችሎታው ድርሻ እንዳላቸው አያጠራጥርም። የአካል ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ድካምም የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን በቆጂ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ሌላም ነገር አለው። ሩጫ ለእርሱ በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይ ነገር ሳይሆን፣ እኅቱና የጎረቤቱ ልጅ ማለዳ ተነሥተው የሚያደርጉት ተራ ነገር ነው። “የእኛ ሰው ይሮጣል” ብሎ ያድጋል። የእኛ የከተሜዎቹ ልጆች ግን “የእኛ ሰው ይቀመጣል” ብለው እንዳያድጉ ያሰጋል።

ሳናውቀው የምናስተምረው

በከተማችን ለልጆቻችን ሳናስበው የምናስተላልፋቸው መልእክቶች አሉ። አንደኛው በእግር መሄድ የድህነት ምልክት ነው የሚለው ነው። ዳቦ ለመግዛት ሁለት መቶ ሜትር በመኪና የሚሄድ አባት፣ መኪናው ጋራዥ ሲገባ ደግሞ “ዛሬ በእግሬ ተንከራተትኩ” እያለ የሚያማርር ከሆነ፣ ልጁ መራመድ የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ይማራል።

ሁለተኛው ውፍረትን የምቾት ማሳያ አድርገን ማየታችን ነው። “ወፈርክ፣ ተመችቶሃል!” የሚለው አሁንም በብዙዎች አፍ ምስጋና ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴን ከቅጣት ጋር ማያያዝ ነው። አጠፋህ ተብሎ ሜዳ እንዲዞር የታዘዘ ልጅ ሩጫን የሚያስታውሰው ከውርደት ጋር ነው።

አራተኛው ሴት ልጆችን የሚመለከት ነው። ወንድሟ ኳስ ይዞ ሲወጣ እርሷ ወጥ ቤት እንድትቀር የሚደረግባት ልጅ፣ እናቷም ከቤት ሥራ በስተቀር ለራሷ ስትንቀሳቀስ አይታ የማታውቅ ከሆነ፣ ጨዋታና ስፖርት የወንዶች ብቻ ነው ብላ ብታምን አይፈረድባትም። እናት ቀኑን ሙሉ በሥራ ስትደክም ትውላለች፤ ይህም እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን ልጇ ድካሟን እንጂ ደስታዋን አላየችም። ግማሽ ሰዓት ለራሷ ብላ የምትራመድ እናት ለሴት ልጇ የምታስተምረው ከጤናም ያለፈ ነው።

ከየት ይጀመር?

አርአያ ለመሆን ስፖርተኛ መሆን አያስፈልግም። ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። እየተናገሩ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ዓይነት ፈጣን እርምጃ በቂ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢራመዱ ዝቅተኛውን መጠን አሟሉ ማለት ነው። የልብ ሕመም ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለብዎ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ጉልበቱን የሚያመው አባትም ቢሆን ልጁ እያየው በዝግታ ቢራመድ ወይም ሰውነቱን ቢያፍታታ አርአያነቱ አይቀንስም። ልጅ የሚያየው ፍጥነትን ሳይሆን መነሣትን ነው።

* እንቅስቃሴዎ ይታይ። ልጆች ሳይነሡ ማለዳ ጂም ሄዶ የሚመለስ ወላጅ ጤናው ይጠበቃል፤ ልጆቹ ግን አላዩትም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እንኳ በእነርሱ ፊት ወይም ከእነርሱ ጋር ያድርጉት።
* አነጋገርዎን ያስተካክሉ። “ይህን ቦርጭ ማጥፋት አለብኝ” ከማለት ይልቅ “ስራመድ ጭንቅላቴ ይቀለኛል” ማለት የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ሰውነትን ማፈርን፣ ሁለተኛው እንቅስቃሴን መውደድን ያስተምራል።
* ከዕለት ኑሮ ጋር ያያይዙት። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ከልጅ ጋር እየቆጠሩ መውጣት፣ ሱቅ በእግር መሄድ ተጨማሪ ገንዘብም ሆነ ልዩ ልብስ አይጠይቁም። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አብረው በእግር ይሂዱ።
* የልጅነት ጨዋታዎን ያውርሱ። ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽና ገመድ ዝላይ በጠባብ ግቢም ይሠራሉ። ልጆች የማያውቋቸው የሚያሳያቸው ስላጡ ሊሆን ይችላል። በካልሲ የተሠራች ኳስም ከውድ አሻንጉሊት በላይ ታስሮጣለች።
* ቅዳሜን ወይም እሑድን ይጠቀሙ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ለእግር ጉዞ ምቹ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገድ ለሰው” መርሐ ግብር መኪና የሌለበት አስፋልት ለልጆች ምን ማለት እንደሆነ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ10 ሺህ ተሳታፊዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ብዙ ቤተሰቦች የሚዘጋጁበት ቀን ሆኗል።
* ስልክዎን አስቀድመው ያኑሩ። ልጅን ስልክ ከመከልከል በፊት ከራት በኋላ የሁሉም ስልክ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይወስኑ። የወላጅ ስልክ ያልገባበት ደንብ ብዙ አይቆይም።

አርአያነት ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ መታወቅ አለበት። መኪና የሚበርበት ሰፈር ውስጥ ልጅን “ውጣ” ማለት አይቻልም። መጫወቻ ሜዳ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ግቢያቸው በሙሉ የመኪና ማቆሚያ የሆነ የመኖሪያ ሕንፃዎችም አሉ። እነዚህ በወላጅ ጥረት ብቻ የሚስተካከሉ አይደሉም። ሆኖም በጋራ ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ለልጆች እንዲከለል በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሚጠይቅ፣ ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ከፈተና ውጤት ጋር ስለ ሜዳውና ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜው የሚጠይቅ ወላጅ ራሱ የእንቅስቃሴን ጥቅም የቀመሰ ነው። ያልቀመሰው አይጠይቅም።

ለልጆቻችን ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ጥሩ ምግብ፣ ጥሩ ልብስ ለማቅረብ ስንል ብዙ ሰዓት ወንበር ላይ እንቆያለን። ልጆቻችን አድገው ከእኛ የሚወስዱት ግን የከፈልንላቸውን ብቻ ሳይሆን አኗኗራችንንም ጭምር ነው። ዛሬ ማታ “ተነሥ” ከማለትዎ በፊት ጫማዎን ያጥልቁና “ና፣ አንዴ ሰፈሩን ዞረን እንምጣ” ይበሉት። መጀመሪያ ቢያመነታ አይደነቁ፤ ነገም ተነከርዎ ይጠብቁ ይሆናል እንጂ፣ ሲደጋገም በሩ ላይ ቀድሞ የሚጠብቅዎ እርሱ ሊሆን ይችላል።