የስድስት ሜትሩ ቢም፦ መጀመሪያ ልኩ፣ ዋጋው ከዚያ

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ጣውላ እናውራ። ሜሪላንድ ያለ ቡና አስመጪ ተከታታያችን ከቤቱ በስተኋላ የበረንዳ ጣሪያ እያሠራ ነው። ከፊት ለፊት በሁለት ምሰሶ ብቻ እንዲቆም ነው የሚፈልገው፤ መሐል ላይ ምንም የለም፣ 6 ሜትር ክፍት። ሠሪው 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ግሉላም (በሙጫ ተነባብሮ የተሠራ የጣውላ ቢም) "ይበቃል" ብሎታል። የሱ ጥያቄ ደግሞ "የጣውላ ዋጋ እስኪወርድ ልጠብቅ ወይ?" የሚል ነው።

እኔ ወደ ንግዱ ከመግባቴ በፊት ግንባታ ላይ ስለነበርኩ ዋጋውን ትቼ መጀመሪያ ጭነቱን ነው የጠየቅኩት።

ጣሪያው ከቤቱ 3.6 ሜትር ይወጣል። ግማሹን የቤቱ ግድግዳ ይሸከማል፣ ግማሹ ቢሙ ላይ ያርፋል፤ ጫፉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ አለው፣ በጥቅሉ 2.1 ሜትር ያዙ። በረዶውን በካሬ 150 ኪሎ፣ የጣሪያውን የራሱን ክብደት 50 ኪሎ ብለን እንሂድ። (ለሰፈሩ ትክክለኛውን የበረዶ ቁጥር የሚሰጠው የአካባቢው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው።) 200 ሲባዛ በ2.1፣ 420 ኪሎ ይመጣል። የቢሙን የራሱን ክብደት 20 ጨምሩበት፣ በእያንዳንዱ ሜትር 440 ኪሎ። በ6 ሜትር 2,640 ኪሎ። በኛ ቋንቋ 26 ኩንታል ቡና ቤተሰቡ ከሚቀመጥበት በላይ ተሰቅሏል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ምሰሶም 13 ኩንታል ይሸከማል።

አሁን የሠሪው ቢም ይችለዋል? ወርዱ 8.9፣ ቁመቱ 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥንካሬው ላይ ችግር የለም፤ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በካሬ ሳንቲ ሜትር 143 ኪሎ አካባቢ ሲሆን የተለመደው ግሉላም ወደ 169 ይፈቀድለታል። አይሰበርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ሒሳቡን የሚዘጋው።

ግን ይጎብጣል። በረዶው ብቻውን መሐሉን 20 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል። ሰውየው ከሥር ኮርኒስ ሊለስንበት ስላሰበ የሚፈቀደው የርቀቱ 360ኛ እጅ፣ ማለትም 16.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ልስኑ ይሰነጠቃል። እንጨት ደግሞ ጭነት ለዓመታት ሲቆይበት ቀስ እያለ ይበልጥ የሚረግብ ነገር ነው፤ እንደ ብረት አይደለም።

ምን መሰላችሁ፣ የቢም ግትርነት ከወርዱ ይልቅ በቁመቱ ነው። ወርዱን እጥፍ ብታደርጉት ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ሁለተኛ ቢም ጎን ለጎን ከመደረብ ወደ ቀጣዩ ቁመት፣ 34.3 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ማለት ነው። የሚጨምረው እንጨት 12 በመቶ ተኩል፣ የሚገኘው ግትርነት ደግሞ 42 በመቶ። ጉብጠቱ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ወረደ፣ አለፈ። እንዲህ ያለ ስምምነት በቡና ላይ ቢገኝ ማን ይጠላል!

የዋጋው ጥያቄ አሁን ይምጣ። በቺካጎው የወደፊት ግብይት ጣውላ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በሺህ ቦርድ ፉት ከ1,600 ዶላር በላይ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከ500 በታች ወርዶ ነበር። አንድ ቦርድ ፉት 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ጣውላ በሉት። የኛ ቢም በ6.4 ሜትር ርዝመት ወደ 83 ቦርድ ፉት ነው። በጥሬ ጣውላ ሲሰላ በከፍተኛው ዋጋ 133 ዶላር ገደማ፣ በዝቅተኛው 41። ገበያው ከጣራ እስከ ወለል ቢወድቅለት እንኳ ጥሬው ላይ የሚተርፈው 90 ዶላር አካባቢ ነው። በትንሹና በትልቁ ቢም መካከል ያለው ጥሬ እንጨት ደግሞ 9 ቦርድ ፉት፣ በዚያ በእብዱ ዋጋም 15 ዶላር አይሞላም። የቀረው ሙጫ፣ ማድረቅ፣ ደረጃ ማውጣት፣ ትራንስፖርትና የሻጩ ትርፍ ነው። የኒውዮርክ የቡና ዋጋ ካፌ ውስጥ ያለው ስኒ ዋጋ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የቺካጎው ቁጥርም የቢም ዋጋ አይደለም።

ስለዚህ መልሴ፦ አትጠብቅ፣ ግን 30ውን አትግዛ። ሒሳቡንም እዚያው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበት፤ የኔ የቴሌግራም ሒሳብ ለፈቃድ አይሆንም። ሻጩ በግሉላም ፈንታ ኤል.ቪ.ኤል ልስጥህ ካለው ደግሞ ለውጭ አገልግሎት የታከመ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ተራው ለደረቅ ቦታ የተሠራ ነው፣ ዝናብ አይወድም። ክፍት በረንዳ ስለሆነ ነፋስ ጣሪያውን ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል፤ ቢሙ ምሰሶው ላይ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን በብረት መያዣ መታሰር አለበት፣ ምሰሶውም ከመሠረቱ ጋር።

የነገው የቡና ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለቀቃል።